ጥሬውን የተቀመጠልኝ ቱሮን

እናቴ ምግብ ስታቀርብ አስቀድማ የምታነሣው ከማዕዱ የጎደለውን ሰው ድርሻ ነው። ወንድሜ ከሥራ ቢያመሽ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ብዘገይ፣ ወጡ በትንሽ ድስት ተከድኖ፣ እንጀራው በሰፌድ ተሸፍኖ ይጠብቀን ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው፣ ምግብ ሁሉ ሰው ይጠብቃል፣ ወጥማ እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጣል ብሎ ያምናል። ይህን እምነቴን ያናጋብኝ ከዱባይ ተምሬው የመጣሁት አንድ የሙዝ ጥብስ ነው። ስሙ ቱሮን ይባላል፤ የፊሊፒንስ ሰዎች መክሰስ ነው፤ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ፣ በዘይት ተጠብሶ፣ የቀለጠ ስኳር እንደ ብርጭቆ ለብሶ የሚወጣና ሲነከስ ኩርሽም የሚል ነገር ነው። ጥቂት ሰዓት ተከድኖ ከቆየ ግን ኩርሽምታውም ብርጭቆነቱም አይገኝም።

ዱባይ የገባሁት በ2007 ዓ.ም. ነው። ሳትዋ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከአንድ ቪላ ክፍሎች በአንዱ፣ ሦስት ኢትዮጵያውያንና ሦስት ፊሊፒናውያን ሴቶች አብረን እንኖር ነበር። ክፍል ሳይሆን አልጋ የሚከራይበትን ይህን አኗኗር የከተማው ሠራተኛ ሁሉ «ቤድ ስፔስ» ይለዋል። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡትን ፊሊፒናዊት፣ ጓደኞቻቸው «አቴ» እያሉ ሲጠሯቸው የሰማን ዕለት እኛ ሦስቱ ተያይተን ሳቅን፤ «እቴ» የተባባሉ መስሎን ነበር። ትርጉሙን ብንጠይቅ በታጋሎግ ታላቅ እኅት ማለት ሆኖ አገኘነው፤ የእኛው «እትዬ» መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ እኛም አቴ አልናቸው። እንነጋገር የነበረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለነበር አንቱታ አልነበረበትም፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን ያለ አንቱታ ልጠራቸው እጄ እሺ አይለኝም።

ያን ጊዜ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ ነበርና፣ አቴ ቱሮን የሚሠሩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሰፈሩ የፊሊፒንስ ሱቅ አጭር፣ ወፍራምና ማዕዘን ማዕዘን ያለው ሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር። ስሙን ስጠይቃቸው «ሳባ» አሉኝ። ንግሥተ ሳባ የእኛ ናት ብዬ ታሪኩን ከመኝታችን ጫፍ ተቀምጬ በሙሉ ተረክሁላቸው። በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «ይሄኛው ሳባ ግን የእኛ ነው» ብለው ቢላዋውን ሰጡኝ።

ሳባ ተልጦ ዝም ብሎ የሚበላ ሙዝ አይደለም ማለት ባይቻልም፣ የተፈጠረው ለድስትና ለመጥበሻ ነው። እኛ አገር በብዛት የምናውቀው የአርባ ምንጭ ሙዝ ሲበስል ስታርቹ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ ይለሰልሳል፤ ሳባ ግን ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጀምሮት እንኳ ሥጋው እንደ ጠነከረ ይቆያል። እሳት ሲያገኘው ይበስላል እንጂ አይፈርስም። አቴ እያንዳንዱን ለርዝመቱ ሁለት ይከፍሉና ቡናማ ስኳር ላይ ያንከባልሉታል። ከዚያም ላንግካ የሚሉትን የበሰለ ፍሬ ቀጭን ቁራጭ ከጎኑ ያስተኙለታል። ላንግካ ከውጭ እሾሃማ፣ ከውስጥ ቢጫ የሆነ ግዙፍ ፍሬ ነው፤ ሽታው ሙዝና አናናስ በአንድ ዕቃ ውስጥ ያደሩ ያስመስለዋል። ዱባይ ትኩሱ ሁልጊዜ ስለማይገኝ አቴ በሽሮፕ የታሸገውን ይገዙና፣ አጥልለው በጨርቅ አድርቀው ይጠቀሙበት ነበር። ይህችን ማድረቅ እንደ ቀልድ አይቼ የዘለልኩባት ቀን፣ አንዱ ጥቅልል ዘይት ውስጥ ፈንድቶ ክንዴ ላይ እስካሁን ያለ ጠባሳ ትቶብኛል።

መጠቅለያው ሉምፒያ ይባላል፤ ከዱቄትና ከውኃ የሚሠራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቅጠል ነው። ቃሉ የመጣው ከቻይናውያን፣ ይኸውም ሆኪየን ከሚናገሩት ነጋዴዎች ነው። ቱሮን የሚለው ስም ደግሞ የስፔን ነው፤ ስፔኖች ፊሊፒንስን ከ1565 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ሲገዙ ቋንቋቸው በየማዕድ ቤቱ ገብቷል። በስፔን ቱሮን የሚባለው ግን ለውዝ ከሚመስል ፍሬ፣ ከአልሞንድ፣ በማርና በእንቁላል ነጩ የሚሠራ ደረቅ ጣፋጭ እንጂ ከሙዝ ጋር ዝምድና የለውም። ስሙ ከአንዱ፣ ቅጠሉ ከሌላው መጥቶ፣ መሐሉ ያለው ሙዝ ግን የአገሬው ነው። የእኛም ሳምቡሳ ከፋርስ ተነሥቶ፣ በዓረቡ አገር አልፎ የመጣ መሆኑን ሳስብ ይህ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። እንዲያውም ማላቦን በሚባለው ለማኒላ ቅርብ የሆነ ከተማ ቱሮን ሲባል በውስጡ ያለው ሙዝ ሳይሆን ጣፋጭ ማሾ ነው፤ ምስር ሳምቡሳ ለለመደ ሰው ይህ ይበልጥ ይቀርባል።

ቱሮንን «ዲዘርት» ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም። ዲዘርት ከምግብ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እኛም ከምግብ በኋላ ቡና እንጂ ጣፋጭ የማቅረብ ልማድ የለንም። ፊሊፒናውያን ቱሮንን የሚበሉት በምሳና በእራት መካከል፣ ሜሪየንዳ በሚሉት ሰዓት ነው፤ ቃሉ እንደገና የስፔን ነው፤ ለእኛ ግን መክሰስ የሚል አንድ የተሟላ ቃል አለን። በየመንገዱ የሚሸጡት ሴቶች የሚያቀርቡበትም ዕቃ፣ አቴ በስልካቸው ፎቶግራፉን ሲያሳዩኝ፣ ከቀርከሃ የተሠራ ክብ ሰፌድ ሆኖ አገኘሁት፤ ሩዝ የሚያነፍሱበት ሲሆን ብላዎ ይሉታል፤ ከሥሩ የሙዝ ቅጠል ይነጠፍበታል። ኮባ ላይ ዳቦ የጋገረች እናት ልጅ ይህን ዓይታ ምን ትላለች? ምንም አላልኩም፤ ስልኩን ብቻ ተቀብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

አሁን ወደ መጥበሱ ልግባ፤ ምክንያቱም የቱሮን ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ስድስት ሳባ ዐሥራ ሁለት ጥቅልል ይወጣዋል። ሙዙ በቅጠሉ አንድ ጥግ ላይ ይቀመጥና አንድ ጊዜ ይጠቀለላል፤ ሁለቱ ጎኖች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠበቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ ጫፉ በውኃ በረጠበ ጣት ይለጠፋል። ጠበቅ ማለት ግን መጨቆን አይደለም፤ አየር ቢገባበት ዘይት ውስጥ ይነፋና ይፈነዳል፤ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ደግሞ ሙዙ ሲሞቅ ቅጠሉን ይቀደዋል። ዘይቱ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ሲነከርበት ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ሲያበቅል፣ ጥቅልሎቹ ሳይጨናነቁ ይገባሉ። ቅጠሉ ገና ነጣ ብሎ ጠንከር ሲል ግማሽ ኩባያ ያህል ስኳር ከላይ ይበተናል።

መጀመሪያ ሳየው ስኳር ዘይት ውስጥ መጨመር የዘይት ማበላሸት መስሎኝ ነበር። ስኳር ግን ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ከመጥበሻው ሥር ይወርዳል፣ ይቀልጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያም የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ጥቅልሉን ነው። አቴ በሁለት መቆንጠጫ እያገላበጡ የቀለጠውን ስኳር ከሥር እያነሡ ያለብሱታል። የሚወጣበት ሰዓት የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ ቡና ሲቆላ መጀመሪያ የሚይዘውን ቀለም ሲመስል ይበቃዋል። ከዚያ ትንሽ ቢዘገይ ይመራል። የወጣው ደግሞ ወረቀት ላይ አይቀመጥም፤ ወረቀቱ ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና። ተደራርቦም አይቀመጥም፤ እርስ በርሱ ይያያዛል። ፍርግርግ ሽቦ ላይ ለየብቻው ተደርድሮ፣ ከሥሩ አየር እያገኘ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። በዚህ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው የለበሰው ስኳር የሚደርቀው፤ ቸኩሎ የነከሰ ሰው ኩርሽምታውን አያገኝም፣ ምላሱን ያጣል።

እኔ አንድ ካፌ ውስጥ የምሽት ፈረቃ እሠራ ስለነበር ዓርብም ቢሆን የማርፈው አልፎ አልፎ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስገባ ሁሉም ተኝቷል። በአንደኛው ዓርብ ሌሊት የጋራው ማድ ቤት ውስጥ ገብቼ ማቀዝቀዣውን ስከፍት፣ በሳሕን ላይ ደረቅ ጨርቅ የለበሱ ሁለት ጥቅልሎች አገኘሁ፤ ጥሬ ናቸው። ምድጃው ላይ በትንሽ መጥበሻ የተጣራ ዘይት በሳሕን ተከድኗል፤ ከጎኑ በቡና ስኒ ስኳር ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። እነርሱ ትኩሱን በልተው ለእኔ ያልበሰለውን ተዉልኝ፣ ደክሞኝ ከሥራ ገብቼ ደግሞ ልጥበስ ወይ አልኩ፤ በእናቴ ቤት ቢሆን ተጠብሶ፣ ተከድኖ ይጠብቀኝ ነበር ብዬ ሳልነካው ተኛሁ።

ጠዋት አቴ ሳሕኑን እንደ ነበረ አግኝተው ምክንያቱን ጠየቁኝ። እየፈራሁ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ከቀደመው ቀን የተረፈ አንድ የተጠበሰ ቱሮን በክዳን ዕቃ ውስጥ ነበርና እርሱን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ረጥቧል፣ ተልፈስፍሷል፣ ስኳሩ ቀልጦ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ጥሬዎቹን ለሁለት አጋመሱና አሳዩኝ፦ በውስጣቸው ስኳር የለም። ሌላውን ጊዜ ሙዙን ስኳር ላይ ሲያንከባልሉት አይቻለሁ፤ ለእኔ በተቀመጡት ላይ ግን ሆን ብለው ትተውታል። ስኳር የነካው ሙዝ ውኃውን ያወጣል፤ ውኃው ቅጠሉን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ቅጠል እኩለ ሌሊት ድረስ አይቆይም፣ ይቀደዳል። ስለዚህ ስኳሩ ለብቻው በስኒ ተቀመጠልኝ። ኩርሽምታን ለሌላ ሰው ማስቀመጥ አይቻልም፤ አቴ ያስቀመጡልኝ ዝግጅቱን ነበር። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል፣ ከሥራ ስገባ ያንን ስኒ መጀመሪያ እፈልግ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ቱሮንን ለእኛ ያቀረበው፣ የጾም መሆኑ ነው። በጾም ቀናት ከመብላቴ በፊት የቅጠሉን ማሸጊያ አንድ በአንድ አነብ ነበር፤ እንቁላል የገባበት ዓይነትም ስላለ ነው። አቴ ካቶሊክ ናቸው፤ በዐቢይ ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ የእኛ ጾም ግን ወተትንና እንቁላልን ጭምር እንደሚከለክል ሲሰሙ፣ «ታዲያ ቱሮን የተፈጠረው ለእናንተ ነው» አሉ።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስመለስ በሻንጣዬ አራት ማሸጊያ ሉምፒያ ይዤ ነበር። በረዶው ቀልጦ፣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ሊጥ ሆነው ደረሱ። ከዚያ በኋላ የሳምቡሳውን መንገድ ያዝኩ፦ ዱቄት፣ ጨውና ውኃ ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፤ ሁለት ድቡልቡል ሊጥ በመካከላቸው ዘይት ተቀብቶ አንድ ላይ ተዳምጦ ይሳሳል፤ ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ተጥሎ፣ ገና ትኩስ ሳለ ሁለቱ ይላቀቃሉ። እንደ ሉምፒያ ባይሳሳም ይሠራል። ሙዙን ከተራው ሻጭ ጋር በመጨቃጨቅ ነው የማገኘው። እርሱ የበሰለውን መርጦ ሊሰጠኝ ሲደክም እኔ ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነውን እፈልጋለሁ፤ «ይሄማ ለነገ ነው» ይለኛል፤ ለጥብስ ነው ብለው ሙዝ ይጠበሳል እንዴ ብሎ ይስቅብኛል። ትክክል እኔ ነኝ፤ የእኛ ሙዝ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ዘይት ሲገባ ገንፎ ይሆናል።

በላንግካ ቦታ ምን እንደማስገባ ለማወቅ ብዙ ዘይት አጥፍቻለሁ፤ ዘይት ደግሞ በዚህ ዘመን የሚቀለድበት አይደለም። ማንጎ ሞከርኩ፤ ውኃው በዛና ሁሉም ፈነዱ። ዘይቱና የሚባለውን ፍሬ፣ ጓቫን፣ ሞከርኩ፤ ሽታው ግሩም ነው፣ ጥቃቅኑ ዘሩ ግን ጥርስ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ የያዝኩት አናናስ ነው፤ በደቃቁ ተከትፎ፣ ያለ ስኳር በዝግታ እሳት ላይ ውኃው እስኪጠፋና ማንኪያ ሲጎተትበት የድስቱ ሥር እስኪታይ ድረስ ይበስላል። የጥፍር ያህል ብቻ ይበቃል።

ሁሉን አስተካክዬ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥብስ ከላይ እየጠቆረ መሐሉ ጥሬ ይሆንብኝ ነበር። ጥፋቱን በሙዙ፣ በምድጃው፣ በስኳሩ ሳመካኝ ቆይቼ፣ አንድ ቀን ሽሮ ሲፈላ እያየሁ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዱባይም ማኒላም ባሕር ዳር ስለሆኑ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሙዙ በውስጡ ውኃ እስካለው ድረስ ከዚያ መፍያ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ እዚህ የሚበስለው ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ቀስ ብሎ ነው። ስኳሩ ግን ስለ ከፍታ ደንታ የለውም፤ በዚያው በለመደው ሙቀት ቀልቶ በዚያው ይጠቁራል። መፍትሔው እሳቱን ቀነስ ማድረግና ስኳሩን ዘግይቶ መበተን ሆነ። ነጭ ስኳር ስጠቀም ደግሞ ቀለሙ ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ቡናማው በውስጡ ያለው ሞላሰስ ቶሎ ያቀላዋል።

በዚያው ዓመት ለዳግማ ትንሣኤ እንግዳ ተጠርቶ ነበርና ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ሠላሳ ጥቅልል ጠበስኩ። እናቴ እንዳይቀዘቅዝ አዝና፣ እኔ ልብስ ልቀይር በገባሁበት ጊዜ ሁሉንም በትልቅ ሳሕን ቆልላ በፎይል ሸፈነችው። እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ሲቀርብላቸው ተጣብቆ አንድ ጓል ሆኖ ተነሣ። በጨዋነት እየቀደዱ በሉ፤ አንዷ አክስቴ «የሙዝ ፍርፍር ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ግን ከዚያ ውስጥ እንኳ ለወንድሜ ሁለት አንሥታ ደብቃ ነበር። ሌሊት ገብቶ በላና «ቆንጆ ነው» አላት፤ እርሷን ማስከፋት ስለማይችል ነው እንጂ ቆንጆ አልነበረም።

በማግስቱ የአቴን ስኒ ነገርኳት። ጥሬ ምግብ ለሰው ይቀመጣል ወይ ብላ መጀመሪያ ነውር አደረገችው፤ የምወደውን ሰው ማድ ቤት ልኬ አላሠራም አለች። አልተከራከርኳትም፤ አንዱን ጠብሼ ወዲያው፣ አንዱን ከሁለት ሰዓት በኋላ አቀመስኳት። ሁለተኛውን ከነከሰች በኋላ ሳሕኑ ላይ መልሳ አስቀምጣ እጇን ታጠበች፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አሁን ቅጠሉን ከእኔ የተሻለ የምታሳሳው እርሷ ናት፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሊጥ ያወቀ እጅ አይስትም። ባለፈው ሳምንት ዓርብ ከሠርግ ቤት አምሽቼ ስገባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ጥቅልሎች በጨርቅ ተሸፍነው አገኘሁ፤ ከምድጃው ጎን ስኳሩ በሲኒ፣ ያውም በእንግዳ ሲኒ፣ ተቀምጧል። ድርሻዬ ሁልጊዜ ሁለት ስለነበር ሦስተኛው ለምን እንደ ሆነ እያሰብኩ ዘይቱን አጋልኩት። ስኳሩን ስበትን መጥበሻው መጮህ ጀመረ፤ ከመኝታ ቤቱ የእናቴ ድምፅ መጣ፦ «አንዱ የእኔ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይቀመጥ እንዳታመጪው።»